ኤችአይቪ እና ሄፓታይተስ ቢ፦ ኩላሊት ሲዳከም ቴኖፎቪር ይቁም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤችአይቪ ያለባት ታካሚዬ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉትን የኤችአይቪ መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ትወስዳለች፤ ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ደግሞ አለባት። የኩላሊቷ የማጣራት አቅም በደቂቃ 42 ሚሊ ሊትር ወርዷል። ቴኖፎቪርን በአባካቪር (ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት) መቀየር ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም፤ እባክዎ እንዳያደርጉት። አባካቪር በሄፓታይተስ ቢ ላይ አይሠራም። ላሚቩዲን ብቻውን ሲቀር የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ይላመደዋል። ቴኖፎቪር ያለ ተተኪ ሲቋረጥ ጉበት በድንገት ሊቆጣ ይችላል፤ ሕይወት እስከማጥፋትም ይደርሳል።

መልስ 2፦ በቅድሚያ ክሪያቲኒኑን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይድገሙት። ዶሉቴግራቪር ኩላሊትን ሳይጎዳ ክሪያቲኒንን በ0.1–0.2 ሚ.ግ. በዴሲ ሊትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። የኩላሊት አቅም ስሌቱን በዛሬ ክብደቷ ይሥሩ፤ ካርዱ ላይ ያለው አሮጌ ክብደት ብዙ ያሳስታል። የሽንት ፕሮቲን፣ ደም ግፊትና ስኳር ይዩ። ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ትወስድ እንደሆነም ይጠይቋት፤ ከቴኖፎቪር ጋር ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል።

መልስ 3፦ ጉዳቱ እውነተኛ ከሆነ ቴኖፎቪር አላፌናማይድ (ለኩላሊት የሚሻል የቴኖፎቪር ዓይነት) ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ አባካቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ላይ ኢንቴካቪር (የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት) ይጨመራል። በእሷ የኩላሊት አቅም የኢንቴካቪር መጠኑ በቀን 0.25 ሚ.ግ. ወይም 0.5 ሚ.ግ. በየ48 ሰዓቱ ነው፤ ላሚቩዲንን የተላመደ ቫይረስ ከተጠረጠረ ግን በቀን 0.5 ሚ.ግ.። በባዶ ሆድ፣ ከምግብ ቢያንስ 2 ሰዓት በኋላ እና ከቀጣዩ ምግብ ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ኢንቴካቪር ያለ ሙሉ የኤችአይቪ ሕክምና ፈጽሞ አይሰጥም፤ ኤችአይቪ ላሚቩዲንን እንዲቋቋም ያደርጋል።

ጠያቂ፦ ከቅያሪው በኋላስ?

መልስ 1፦ የጉበት ኤንዛይሟን ቢያንስ ለ6 ወራት ይከታተሉ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።