«መከራህ ምሕረት ነው» ማለት ይገባል?

ጥያቄው፦ አንዲት እናት ልጇን ቀበረች። ሊያጽናኗት የመጡ ሰዎች «እግዚአብሔር ስለሚወድሽ ነው» አሏት። ልክ ናቸው?

መምህሩ፦ ቃሉ አለ እኮ። ዕብራውያን 12፥6 «ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋልና» ይላል። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው፤ መውጊያው አልተነሣለትም። ምሕረት ሁልጊዜ ሕመም ማንሣት ነው ያለው ማነው?

ነርሷ፦ መምህር፣ ጥቅሱን አልክድም። ግን «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለውን የሰማው የታመመው ራሱ ነው። ጠያቂ መጥቶ አልነገረውም። የዕብራውያን መልእክትም የተጻፈው ስለ እምነታቸው መከራ ለተቀበሉና ለደከሙ ሰዎች ነው። ልጇን ላጣች እናት ሲነገር ትርጉሙ ይገለበጣል። ልጁ የሞተው እሷን ለማስተማር ነው እያላችኋት ነው! እኔ የካንሰር ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። መከራውን ራሱ «ምሕረት ሆነልኝ» የሚል በሽተኛ አለ፣ አከብረዋለሁ። ከአልጋው አጠገብ የቆመ ጤነኛ ሰው ሲለው ግን ያመኛል።

ተጠራጣሪው፦ ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር። ብዙዎች የሞቱት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያ የተቀጣው ማነው? የተማረውስ?

መምህሩ፦ በኢየሩሳሌም፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ገድሎ ነበር። ጌታ «ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ?» ብሎ ጠየቀና ራሱ «አይደለም» አለ።

ተጠራጣሪው፦ «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» ብሎም ጨምሯል። እሷን ለምን ዘለሏት?

መምህሩ፦ አልዘለልኳትም። ለቆሙት ነው የተነገረችው፣ በሞቱት ላይ ለመፍረድ አይደለም።

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ ኢዮብን ማንም አላነሣውም፣ ገርሞኛል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ምንም አላጠፉም። ከዚያ ኤልፋዝ አፉን ከፈተና «እግዚአብሔር የሚገሥጸው ሰው ምስጉን ነው» አለው (ኢዮብ 5፥17)። መምህር ከጠቀሱት ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት አይደለም እንዴ? መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ነው። ሲያማርር የከረመው ኢዮብ ቅን ተናገረ ተባለ፣ እንዲያውም ለእነሱ የሚጸልየው እሱ ሆነ። ለኔ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል።

መምህሩ፦ ይህኛው ከበድ ይላል። ኤልፋዝ የኢዮብን መከራ ከኃጢአት ጋር ማያያዙ ግን አይረሳ፤ እኔ እንደዚያ አላልኩም። ደግሞስ እናቲቱ ራሷ «ለምን ደረሰብኝ?» ብትለኝ ዝም ልበላት?

ነርሷ፦ ስትጠይቅዎት ይመልሱላት። ሳትጠይቅ አይቅደሟት ነው ያልኩት። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ መጀመሪያ አለቀሰ።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ጠየቀችዎት እንበል። ምን ይሏታል?

መምህሩ፦ «አላውቅም» እላታለሁ። ከፈቀደችልኝ መዝሙር 22ን አብሬያት አነባለሁ፤ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የሚለውን።

ተጠራጣሪው፦ ይሄ እኮ መልስ አይደለም።

መምህሩ፦ ጸሎት ነው። መልስ ነው መች አልኩ?