ከፕሮግራሜ ኢሜይል መላክ አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ መላ ያጣሁለትን ችግር ይዤ መጥቻለሁ። የይለፍ ቃላቸውን ለረሱ ተጠቃሚዎች መቀየሪያ ሊንክ በኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም በፒኤችፒ ቋንቋ ጽፌያለሁ፤ ለመላኪያ የምጠቀመው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ፒኤችፒሜይለር ነው። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንዳች እንከን ይልካል። የተከራየሁት ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን እምቢ አለ።

ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) 587፣ ምስጠራው ስታርትቲኤልኤስ (ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ምስጠራ የሚያስጀምር ዘዴ) ነው። የስህተት መከታተያውን ደረጃ 2 ላይ አድርጌ ፕሮግራሙ ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር የሚያደርገውን ምልልስ መስመር በመስመር አነበብኩት። ግንኙነቱ ይከፈታል፤ በ220 የሚጀምረው ሰላምታም ይመጣል። ሰላምታው ላይ ያለው ስም ግን እኔ የጻፍኩት የኢሜይል ሰርቨር ስም አይደለም፤ ሰርቨሩን ያከራየኝ ድርጅት ስም ነው! ወዲያው ምስጠራው ሊጀመር ሲል «የምስክር ወረቀቱ ስም አይዛመድም» ብሎ ይቋረጣል፤ የምስክር ወረቀቱ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ነው። አከራዩ ወደ ውጭ የሚወጣውን ግንኙነት ወደ ራሱ ሰርቨር እያዞረው ይመስለኛል።

የምስክር ወረቀት ማረጋገጫውን አጥፋው ያሉኝ አሉ። ይህን ፈጽሞ አላደርገውም፤ የይለፍ ቃሌን ላልመረጥኩት ሰርቨር አሳልፌ መስጠት ነው። ፖርት 465ንም ሞክሬ ነበር፤ ግንኙነቱ ሳይከፈት የመጠበቂያ ጊዜው አለቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የፈታ ሰው ካለ፣ አከራዩን በትክክል ምን እንዲከፍትልኝ ልጠይቀው? ወይስ ኤስኤምቲፒን (አሁን የምጠቀምበትን የኢሜይል መላኪያ ፕሮቶኮል) ትቼ በፖርት 443፣ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በኤችቲቲፒኤስ በኩል መልእክት የሚቀበል የኢሜይል አገልግሎት ብጠቀም ይሻላል? መለያቸው የተዘጋባቸው ተጠቃሚዎች እየጠበቁኝ ስለሆነ ፈጥናችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። የምልልሱን ሙሉ ቅጂ ማየት ለሚፈልግ፣ የይለፍ ቃሉን አጥፍቼ እለጥፋለሁ።