በ« እና በ» መካከል ያለውን ንግግር ለይቶ ማውጣት፦ ፓተርኑ ለምን አብዝቶ ይወስዳል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ የገጸ ባሕርያትን ንግግር ብቻ ለይቶ የሚያወጣ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍኩ ነው። የተጠቀምኩበት የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ፓተርንና (በጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ክፍል መፈለጊያ ቀመርና) የሞከርኩበት መስመር እነዚህ ናቸው፦

«.*»

እናት «ዝናብ መጣ» አለች፤ ልጇም «እንግባ» አላት።

ሁለት ውጤት ስጠብቅ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው « እስከ መጨረሻው » ያለውን ሁሉ፣ በመካከል ያሉትን የተራኪውን ቃላት ጭምር የያዘ ነው። ምክንያቱን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ከፊቱ ያለው ምልክት ስንት ጊዜም ቢደጋገም የሚቀበለው የኮከብ ምልክት በባሕርይው ስግብግብ፣ ማለትም የቻለውን ያህል የሚወስድ ስለሆነ ነው። ነጥብ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ማንኛውንም ምልክት ስለሚቀበል፣ ኢንጂኑ (ፍለጋውን የሚያካሂደው ክፍል) የመጀመሪያውን « እንዳገኘ እስከ መስመሩ ማብቂያ ድረስ ያለውን ሁሉ ይወስዳል፤ ከዚያም መዝጊያውን ለማግኘት ከመጨረሻው አንሥቶ አንድ አንድ ምልክት እየለቀቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሚደርስበት መዝጊያ ከ«እንግባ» ቀጥሎ ያለው ስለሆነ እዚያው ይቆማል። ከኮከቡ በኋላ የጥያቄ ምልክት ቢጨምሩ አካሄዱ ይገለበጣል፤ በትንሹ ጀምሮ የግድ ሲሆንበት ብቻ ይጨምራል፦

«.*?»

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ሁለቱም ለየብቻ ወጡ። ሆኖም «.*?» አላት በሚል ፓተርን የልጁን ንግግር ብቻ ስፈልግ አሁንም ከእናትየዋ ንግግር ጀምሮ ያመጣብኛል።

መልስ 2

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የጥያቄ ምልክቱ ፍለጋው የት ላይ እንደሚቆም እንጂ ከየት እንደሚጀምር አይወስንም፤ ኢንጂኑ ምንጊዜም ከግራ በኩል በመጀመሪያ ካገኘው « ይነሣል። ከመጀመሪያው » ቀጥሎ የመጣው ቃል «አለች» በመሆኑ ፓተርኑ እዚያ አልተሟላም፤ ነጥቡ ደግሞ »ን ራሱን መቀበል ስለሚችል መዝጊያውን አልፎ «አላት» እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ነጥቡን ትቶ በመካከል የማይፈቀደውን ምልክት በግልጽ መከልከል ነው፦

«[^«»]*» አላት

[^«»] ማለት ከ« እና ከ» በቀር ማንኛውም ምልክት ማለት ነው። ይህ ፓተርን ከእናትየዋ ንግግር ሲነሣ ይወድቅና ከሁለተኛው « እንደገና ይጀምራል፤ ውጤቱም የልጁ ንግግር ብቻ ይሆናል። መክፈቻውንም አብሬ የከለከልኩት ጸሐፊው መዝጋት የረሳው ጥቅስ ቢኖር ቀጣዩን እንዳይውጥ ነው። የውስጥ ጥቅሶች በ‹ እና በ› ከተጻፉ ምንም ችግር አይፈጥሩም።

መልስ 3

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ነጥብ በፓይተን በተለይ ካልታዘዘ በቀር አዲስ መስመርን ስለማይቀበል፣ ከአንድ መስመር በላይ የሚሄድ ንግግር በ«.*?» አይገኝም፤ መልስ 2 ላይ ያለው ግን ፋይሉን በአንድነት እስካነበቡት ድረስ ያገኘዋል። ሥራውን ወደ ሴድ (sed፣ ጽሑፍን በትእዛዝ የሚያርም መሣሪያ) ለማዛወር ካሰቡም ሴድ ይህን የጥያቄ ምልክት አጠቃቀም ስለማያውቅ፣ እዚያም የሚሠራልዎት በቅንፍ የመከልከሉ መንገድ ነው።