ክርክር፦ የወዳጅ ደብዳቤ ሐውልት ያስፈርሳል ወይ?

አስተባባሪ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የአየርላንዱ የነፃነት ታጋይ ጆን ሚቸል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1848 እንግሊዞች በአገር ክህደት ከሰው 14 ዓመት ግዞት ፈረዱበት። በመጨረሻ የአውስትራሊያ ደሴት ታዝማኒያ ደርሶ ከትምህርት ቤት ወዳጁ ከጆን ማርቲን ጋር ኖረ። በ1853 አምልጦ አሜሪካ ገባ፤ ከዚያ ለአገር ቤት ወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ የጥቁሮችን ባርነት ደገፈ። በ2020 በሰሜን አየርላንድ ኒውሪ ከተማ ያለው ሐውልቱ ይነሳ ተባለ። ለወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ ለፍርድ ይቀርባል?

ስደተኛው፦ አይቀርብም ባይ ነኝ። ታዝማኒያ ላይ ለአብዛኛው የአየርላንድ ግዞተኛ የተለያየ ወረዳ ተመድቦለት፣ ከዚያ እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። ሚየርና ኦዶኸርቲ የተባሉ የሚቸል የትግል ጓዶች የወረዳቸው ወሰን የሆነ ድልድይ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ሁለቱም በየክልላቸው ተቀምጠው ምሳ ይበሉ ነበር ይባላል። እንዲህ የተነፋፈቀ ሰው ለባልንጀራው ሲጽፍ ቃሉን አይመዝንም። እኔም በሰው አገር ሃያ ዓመት ስኖር የጻፍኩት ሁሉ ቢነበብብኝ አንገቴን እደፋለሁ።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ለቄሱ ለአባ ጆን ኬንየን የጻፈው፣ ከአፍሪካ ሰው እያጋዙ መሸጥ እንደገና ይፈቀድ የሚል ነው። ይህ የሆድ ብሶት አይደለም። በ1857 ኖክስቪል ላይ ባቋቋመው ጋዜጣም ይህንኑ ለሕዝብ አውጥቶታል። ደብዳቤውን ብትደብቀው ጋዜጣው አለ።

ታሪክ ወዳድ፦ «ዘመኑ ነው» የምትሉም ሚየርን አስቡ። እንደ ሚቸል ታዝማኒያ የተጋዘ፣ ከሚቸል ቀድሞ በ1852 ያመለጠ ሰው ነው፤ እሱ ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአይሪሾችን ብርጌድ አደራጅቶ ለሰሜኑ ተዋጋ። የሚቸል ሁለት ልጆች ደግሞ ባርነትን ለሚደግፈው ለደቡቡ ሞቱ፦ አንዱ በ1863 ጌቲስበርግ፣ ሌላው በ1864 ፎርት ሰምተር። የአየርላንዱ መሪ ኦኮነልም ከነሱ በፊት ባርነትን በአደባባይ ያወግዝ ነበር።

ስደተኛው፦ የዘመኑን ነገር ተቀብያለሁ። ሐውልቱ ይነሳ ካላችሁ ግን በጋዜጣው ምክንያት ይነሳ። ሚቸል ወደ አገሩ ተመልሶ ማርች 20 ቀን 1875 ሲሞት፣ ማርቲን በ9ኛው ቀን ተከተለው። በነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የተላከውን ወረቀት እንደ ፖሊስ መዝገብ አታገላብጡት።

መምህርት፦ አላገላብጠውም፣ አነበዋለሁ። ለማርቲን የጻፈው ከተነበበ ለኬንየን የጻፈውም አብሮ ይነበብ። እኔ ሐውልቱ ይነሳ ብያለሁ።