በ68 ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ አልጋ በተገጠመለት ዶልፊን ወደ ጎጃም፦ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። 68 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኢንሱሊንም እወጋለሁ። መኪናው ዶልፊን ሚኒባስ ነው፤ ናፍጣ፣ ማርሹ ማንዋል። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ፣ ባለ 60 ሊትር የውኃ በርሜል፣ ትንሽ ፍሪጅና ቡታጋዝ ገብተውለታል። ክረምቱ ሲያልፍ፣ በጥቅምት፣ ከአዲስ አበባ ተነስቼ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ እያልኩ ባሕር ዳር መድረስ እፈልጋለሁ። ዓባይን በዚህ ጭነት እንዴት ልውረድ? ጎማ ቢተነፍስስ? የትስ ልደር? «ልጅ ይዘሽ ሂጂ» የሚለውን ምክር ቤት ውስጥ ጠግቤዋለሁና እሱን ተዉልኝ።

የፍሬን ሰው
እትዬ፣ ከዓባይ ልጀምር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድልድዩ ጋ እስኪደርሱ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳሉ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣሉ። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ሁሉ ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሞተሩ ካልያዘው ሙቀቱ የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ማርሽ ያስገቡ። መሃል ላይ ማርሽ ልቀንስ ካሉ መኪናው ፈጥኖ ስለሚሆን አልገባ ብሎ ባዶ ላይ ሊቀር ይችላል። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። እግርን ለስለስ አድርጎ ጭኖ መውረድ ነው የፍሬን ሸራውን የሚያቃጥለው። ከኋላ ሲኖትራክ ቢያጣድፍዎት ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ያሳልፉት እንጂ ለእሱ ብለው አይፍጠኑ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ሰምጧል፤ በተለይ ክረምት በወጣ ማግሥት።

ፔዳሉ ስፖንጅ እንደረገጡ ከሆነብዎት የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ወዲያው ዳር ይያዙ፣ 1ኛ ማርሽ ውስጥ ይተዉት፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውኃ አያፍሱበት፣ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል። ሲነሱ ደግሞ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሱ፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ የተረሳ ድንጋይ ስንቱን ጎማ እንደበላ እግዜር ይወቀው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ሳይወጡ ያስቀይሩት። ሽቅቡን ኤሲ አጥፍተው ይውጡ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የሙቅ አየር ማሞቂያውን ይክፈቱት፤ ለእርስዎ ባይመችም ለሞተሩ ይመቻል።

ጎማውን በተመለከተ ትልቁ ችግር ብሎኑ ነው። ጎሚስታ በአየር ያጠበቀውን በእጅ መፍታት ለወጣትም ይከብዳል። በእጅ እንዲያጠብቁልዎ ያድርጉ፣ ከዚያ ሳይወጡ ቤትዎ በር ላይ ይሞክሩት። የመፍቻው እጀታ ላይ የሚሰካ 80 ሳንቲ ሜትር የብረት ቱቦ ይያዙ፤ ጉልበቱን ለእርስዎ ሆኖ ያወጣል። ብሎኑ የሚላላው መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት ነው። ክሪኩ ሥር 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ያድርጉ፣ የጎጃም ዋልካ ክሪክ ይውጣል። የዶልፊን ትርፍ ጎማ ሆዱ ሥር ስለሚንጠለጠል ማውረጃው ይዝጋል፤ አስወርደው ግሪስ ያስቀቡት። ጎማው በጣም ከባድ ነው፣ አያንሱት፦ መሬት ላይ ተቀምጠው አካፋ ሥሩ ያስገቡና እንደ ማንሻ ይጠቀሙበት። ጎማው በሚስማር ብቻ ከተበሳ ግን መፍታትም አያስፈልግም። ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ነፍቶ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ያደርስዎታል።

ጤና ጣቢያ
ኢንሱሊኑ ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ከ30 ዲግሪ በታች ይቆያል፤ ወረቀቱን ያንብቡ። ዓባይ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ ስለሚያልፍ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ አይተዉት። ሙቀትን የሚፈሩ ሰዎች ደግሞ የፍሪጁ ግድግዳ ላይ አስጠግተው በረዶ ያስመቱታል። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል። በትንሽ ፎጣ ጠቅልለው መሃል ያስቀምጡ፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር ያድርጉ። መሪ ከመያዝዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፤ ከረሜላው እጅዎ በሚደርስበት ይሁን፣ ኋላ ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

የግፊት መድኃኒትዎ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ በመንገድ ምክንያት አይዝለሉት፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። ሌሊት ከመኪና ወርዶ ሽንት ቤት ፍለጋ የመውደቂያ ዋና ሰበብ ነው። ክዳን ያለው ባልዲና ሳጋቱራ ውስጥ ይኑርዎት፤ አንድ ጭብጥ ሳጋቱራ ሽታውን ይይዛል። አልጋው ሲቀመጡ እግርዎ ወለል የሚነካበት ከፍታ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የበሩ መያዣ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከመኪናው አጥንት ጋር ይታሰር።

እንጅባራ ብርድ ነው። ለሙቀት ብለው ከሰል መኪና ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ ተኝተው ሳለ ይገድላል። ቡታጋዝም እንደዚያው፦ በር ከፍተው ያብስሉ፣ ከመተኛትዎ በፊት ሲሊንደሩን ራሱን ይዝጉ። ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ይደርቡ፣ ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት እግርዎ ሥር ያድርጉ፤ ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደክም ከረጢቱን በጨርቅ ይጠቅልሉት።

ባለ ሶላር
ፍሪጁ የመኪናውን ባትሪ ከተጋራ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም፤ ብቻዎን ስለሆኑ የሚገፋም የለም። ለብቻው 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይኑረው፤ እርሳሳማው ዓይነት ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ትንሽ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ በ24 ሰዓት ከ30 እስከ 40 አምፒር ሰዓት ይበላል፤ 150 ዋት ፓነል በጥቅምት ፀሐይ ያን ይመልሳል፣ ዛፍ ጥላ ሥር ካላቆሙ። እዚህ አገር ፓነሉን ጣራው ላይ ጠፍጣፋ ማሰር ይበቃል። ፊውዙ ባትሪው አፍ ላይ ይሁን፤ ፍሪጁ ጋ ካደረጉት መሃል ላይ ያለው ሽቦ ሲነካካ የሚያቆመው የለም።

የፍሬን ሰው
በፓነሉ አልከራከርም፣ ግን በርሜሉን ያውጡት። 60 ሊትር 60 ኪሎ ነው፤ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ጠመዝማዛው ላይ ውኃው ይናወጣል፣ መኪናውንም ያወዛውዛል። አራት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ወለል ላይ ይሰሩ። አንዱን በአንድ እጅ ያነሱታል፣ ሲጎድልም ከማንኛውም ቧንቧ ይሞላሉ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማደሪያውን ግን ማንም አልነካውም።

የመንገድ ሰው
ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ ነው የሚሻለው። አልጋ ሳይይዙ ለማደር ዋጋ ይነጋገሩ፣ ሽንት ቤቱንና ቧንቧውን ጭምር። መኪናውን ለመውጣት በሚመች አቅጣጫ አዙረው ያቁሙ፣ ቁልፉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። በጸጥታ ችግር የተነሳ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል የሚቀጥለውን ከተማ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ከመነሳትዎ በፊት፣ ከመናኸሪያ ሹፌሮች ያጣሩ። ከ10 ሰዓት በኋላ አይንዱ፦ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ አህያ፣ የሚያጥበረብር የጭነት መኪና መብራት አለ። ሞራ ያለበት ዓይን ደግሞ መብራቱን ያበዛዋል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ቀን ይክፈሉት።

ነዳጁ ግማሽ ሲደርስ ይቅዱ። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ ዲጂታል መንገድ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲጠፋ ቴሌብርን በ*127# ይሞክሩ፤ ስልኩም ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ይሁን።