እናቴ አሜሪካ ዜግነት አገኘች፣ ለምርጫ እንዴት ትመዝገብ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። እኔ ድሬ ነኝ፣ እናቴ ሜሪላንድ እህቴ ጋ ነው ያለችው። ባለፈው ሳምንት ቃለ መሐላ ፈጸመች። በአንድ እጇ ትንሿን ባንዲራ፣ በሌላው ሰርተፍኬቷን ይዛ የተነሳችውን ፎቶ ልካልን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። አዳራሹ በር ላይ የመራጭነት ፎርም የሚያስሞሉ ሰዎች ነበሩ፣ እሷ ግን እንግሊዝኛው ስላስፈራት ዝም ብላ አለፈቻቸው። እህቴ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ማታ ማታ በስልክ «ፎርሙን አንብብልኝ» የምትለው እኔን ነው። ሰርተፍኬቱን በፖስታ መላክ አለባት እንዴ? ብትሳሳት ችግር ያመጣባታል?

ድሬ በሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንኳን ደስ አላቸው አቦ! ሰርተፍኬቱን ለማንም እንዳይልኩ፣ ቢጠፋ ምትኩን ለማውጣት ገንዘቡም ጊዜውም ብዙ ነው። ፎርሙ ዜጋ መሆናቸውን፣ አድራሻቸውንና የመንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ ቁጥራቸውን ነው የሚጠይቀው፣ እሱ ከሌላቸው የሶሻል ሴኩሪቲያቸውን (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር) የመጨረሻ 4 ቁጥር ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይፈርማሉ፣ በቃ። ክፍያ የለውም። የስቴት መታወቂያ ካላቸው በኦንላይን ያልቃል። የልደት ቀን ላይ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ወሩ ነው የሚቀድመው፣ ብዙ እናቶች እዚያ ላይ ይሳሳታሉ። ስማቸውም መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይሁን። ሜሪላንድ ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ነው። ቢያልፋቸውም አድራሻቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው በምርጫው ቀን ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላሉ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን የራሳችሁን አጣሩ፣ ሁሉም አንድ አይደለም።

ጁገል፦
ከሐረር ነኝ። ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። የአጎቴ ልጅ ገና ሳይምል መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር የመራጭ ፎርም ሰጡት፣ ሳያነበው ፈረመ። ዜግነቱን ሲጠይቅ ያቺ ፊርማ ወጣችበት፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ መሰላችሁ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም እስከ መባረር ያደርሳል። እናትህ ግን ምለዋል፣ ምንም የሚፈሩት ነገር የለም። ከመሐላው 10 ቀን በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው ዜግነታቸውን ያስመዝግቡ፣ የድሮው መዝገብ ዜጋ አይደሉም ሊል ይችላል።

የከዚራ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ድምፅ ስትሰጥ እህቴ አብራት መግባት ትችላለች? ደግሞ እዚህ አገርም እመርጣለሁ ብላ ታስባለች።

ድሬ በሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትችላለች። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ መብቱ ነው፣ አሠሪውንና የሠራተኛ ማኅበሩን ተወካይ ብቻ ነው የማይችለው። የኛ አገሩ ግን አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ሌላ ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል። ቢጫ ካርድ (ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ) ብታወጣም ብዙ መብት ይሰጣታል፣ መምረጥን ግን አይጨምርም። ቀስ ብለህ ንገራት፣ ከባድ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ «በል ፎርሙን ክፈት» አለችኝ። የልደት ቀኗን እንዳልከው ቀኑን አስቀድማ ጽፋው ነበር፣ አስተካከልነው። ነገ እህቴ ሥራ ከመግባቷ በፊት ታስገባላታለች።