የጥንት የጃፓን ሰይፍ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመልከት?

ጠያቂ፣ ከሐረር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጁገል ውስጥ ሲሆን በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በራስ ተፈሪ ቤት በሚገኘው ሙዚየም የተቀመጡትን የቆዩ ጎራዴዎች እየተመለከትኩ ስላደግሁ የብረት ሥራ ፍቅር ከውስጤ አልወጣም፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ልቤ ወደ ጃፓን ሰይፎች አዘንብሏል።

ሰሞኑን ድሬዳዋ ወርጄ ሳለ ቀፊራ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው አንድ ሰይፍ አውጥቶ «የ300 ዓመት ካታና ነው፤ አያቴ በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ ያመጣው ነው» ብሎ አሳየኝ፤ ካታና የሚባለው ረጅሙ የጃፓን ሰይፍ ነው። የጠራልኝ ዋጋ የአራት ወር ደመወዜ ነው። እጀታው ከሩቅ ሲያዩት በክር የተጠለፈ ይመስላል፤ ስዳስሰው ግን ብረት ነው፣ ቀለሙ በተላጠበት በኩልም ነጣ ያለ ቀላል ብረት ይታያል። አፎቱም ብረት ነው። ስለቱ ላይ፣ ወደ እጀታው በተጠጋው በኩል፣ ቁጥር ተመትቶበታል። ዝገት ነጠብጣብ ስላወጣበት ሻጩ «አስወልውዬ እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። ልግዛው ወይስ ልተወው? ጀማሪ ሰውስ መጀመሪያ ምን መማር አለበት?

መልስ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድመው ለሻጩ ደውለው እንዳያስወለውለው ይንገሩት። ሰይፉ የማንም ይሁን የማን፣ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የገለጹት ዕቃ ካታና ሳይሆን የጃፓን ጦር እ.ኤ.አ. በ1935 ለባለ ሌላ ማዕረግተኞች ያወጣውን፣ «ዓይነት 95» የሚባለውን ሰይፍ ይመስለኛል። የዚህ ሰይፍ እጀታ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም በቅርጽ የተፈሰሰና የክር ጥልፍ እንዲመስል ቀለም የተቀባ ነው፤ ስለቱም በፋብሪካ የወጣ ስለሆነ ተራ ቁጥር ይመታበታል። አፎቱ ላይ ያለው ቁጥር ከስለቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልገጠመ ወይ አፎቱ የሌላ ሰይፍ ነው፣ ወይም ዕቃው በሙሉ ዛሬ ለገበያ ተብሎ የተሠራ አስመሳይ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ አስመሳይ እጅግ ብዙ ነውና። እጀታው በምን እንደተያዘም ይዩ፤ በዓይነት 95 ላይ ብሎን ነው፣ በጥንቱ ሰይፍ ላይ ግን አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ የጦርነቱ ዘመን ቅርስ ስለሆነ አልንቀውም፤ ነገር ግን የ300 ዓመት ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

የጥንቱን ሰይፍ ዕድሜ የሚያውቁ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያዩት የሚያብረቀርቀውን ስለት ሳይሆን እጀታው ውስጥ የሚቀበረውን የስለቱን ጭራ ነው። ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። የቀርከሃዋ ችንካር ተገፍታ ስትወጣ እጀታው ይለቃል፤ ያን ጊዜ የሠሪው የሞረድ መስመሮች፣ የችንካሩ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም የሠሪው ስም ይታያሉ። ዘመናት የተኛበት ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ከብረቱ ጋር የተዋሐደና ለጣት ለስላሳ ነው፤ ጣት ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የሚተው ከሆነ ግን የቅርብ ጊዜ ዝገት ነው፣ ምናልባትም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ይህ የጭራ ዝገት የሰይፉ የልደት ምስክር ወረቀት ስለሆነ ፈጽሞ አይጸዳም። የስም ጽሑፉን ግን ብቻውን አይመኑት፤ በታላላቅ ሠሪዎች ስም የሐሰት ፊርማ መቅረጽ በጃፓን ራሷ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚጠናው ሐሞን የሚባለው፣ በስለቱ ዳር የሚሄደው ነጭ መስመር ነው። ሠሪው ብረቱን ከማጋሉ በፊት ሸክላ ይለቀልቀዋል፤ በጀርባው ወፈር፣ በዳሩ ሳሳ አድርጎ። የጋለው ስለት ውኃ ውስጥ ሲገባ ዳሩ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን መለመጥ የሚችል ሆኖ ይቀራል፤ የሁለቱ መገናኛ ነው ሐሞን። በአንዲት አምፖል ብርሃን ሥር ስለቱን ቀስ አድርገው ሲያዘነብሉት እንደ ተበተነ የጤፍ ዱቄት ደቃቅ ብልጭታ ይታይበታል። በአሲድ የተሳለው የሐሰት መስመር ግን ከየትኛውም ማዕዘን ቢያዩት ያው ድፍን ነጭ ነው።

ስያሜውን በተመለከተ ርዝመት ይለየዋል፦ ስለቱ ከአንድ ሻኩ ማለትም ከ30.3 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ታንቶ፣ ከዚያ እስከ 60.6 ሴንቲ ሜትር ዋኪዛሺ፣ ከዚህ ሲበልጥ ካታና ይባላል።

መልስ፣ ከሐረር ሸዋ በር

በውልወላው ጉዳይ ላይ የራሴን ልጨምር። ከአያቴ የወረስኩት ጎራዴ ነበረኝ፤ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ስለቱ ደግሞ በምኒልክ ዘመን ከአውሮፓ ተሠርተው ከመጡት ነበር። ለሠርግ ቤት ግድግዳ እንዲያምር ብዬ ለአንድ የብረት ሥራ ቤት ሰጠሁት፤ እዚያም በሚሽከረከር ድንጋይ አብረቅርቀው መለሱልኝ። ዘውድ የደፋው አንበሳና ከሥሩ የነበረው የግእዝ ፊደል ጽሑፍ ጠፍቷል። በፀሐይ አዘንብዬ ሳየው የአንበሳው የኋላ እግርና የ«ን» ፊደል ጫፍ ብቻ ይታየኛል። ዛሬም ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ካልሆነ በቀር ብረት አልነካም። ጃፓኖች የቅርንፉድ ሽታ ያለው ቀላል ዘይት ይቀባሉ፤ እኔ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ንጹሕ የማሽን ዘይት በስሱ እቀባለሁ፣ ጭራውን ግን አልነካውም። ስለቱን በባዶ ጣት መንካትም ክልክል ነው፤ የእጅ ላብ በቀናት ውስጥ ዝገት ያወጣል።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ሰይፍ ሳይሆን ጹባ ነው፤ በስለቱና በእጀታው መካከል የሚገባው የእጅ መከላከያ ማለት ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋው ከሙሉ ሰይፍ በብዙ ያንሳል፤ መሣሪያም ስላልሆነ በጉዞና በፍተሻ ጣጣ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ለአብዛኛው ሰው ሲከለክል ብዙ ጹባዎች ከሰይፋቸው ተለይተው ወደ አውሮፓ ተሸጠዋል፤ ዛሬ ለብቻቸው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሲገዙ የቀዳዳዎቹን ውስጠኛ ግድግዳ በባትሪ ይመርምሩ፤ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም የአየር አረፋ ጉድጓድ ካዩ በቅርጽ የተፈሰሰ ቅጂ ነው።

መልስ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሙሉ ሰይፍ ከጃፓን ለመግዛት ያሰቡ ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች ጥበቃ ማኅበር መርምሮ የሰጠው ወረቀት ያለውን ይምረጡ፤ ሻጩም ከጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የመውጫ ፈቃድ ማምጣት አለበት። በእኛ በኩል ደግሞ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የጉምሩክንና የፖሊስን መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ። ዓይነት 95ን ጠግነው ለመሸጥ ወደ ጃፓን እልካለሁ ብለው ግን አያስቡ፤ በባህላዊው መንገድ የተሠራ ስላልሆነ እዚያ አይመዘገብም።

ጠያቂ፣ ከሐረር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ተመልሼ አየሁት፤ እጀታው በብሎን የተያዘ ነው፣ የስለቱና የአፎቱ ቁጥሮችም አይገጥሙም። እንዳይወለውለው ለምኜው ተውኩት። በምትኩ አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣውን የብረት ጹባ አሳየኝ፤ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ስለቱ በሚያልፍበት በመካከለኛው ቀዳዳ ላይና ታች ሁለት የመዳብ ቁርጥራጮች ተሰክተዋል። ጉድለት ይሆን?

መልስ፣ ከሐረር ሸዋ በር

ጉድለት አይደለም፤ ጥሩ ምልክት ነው። ጹባው ከአንዱ ሰይፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ከአዲሱ ጭራ ጋር እንዲገጥም ለስላሳ መዳብ ይሰኩበታል። መዳቡ ላይ የመዶሻ ምት ካለ እንዳለ ይተዉት፤ ለማቅናትም ሆነ ለማውለቅ አይሞክሩ።